«ነጃሳ ነው» ማለት «ውገረው» ማለት ነው እንዴ?



የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት ቡችላ ነው። «ሙስሊሙ ስንት ጉዳይ እያለበት ስለ ውሻ ትጽፋለህ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ከአራት ወር በፊት ሌላ ሰው ጽፎት ባነብ እኔም ይህንኑ እል ነበር። ትንሽ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ዐስርን ሰግጄ ስመለስ፣ ኮልፌ እኛ ሰፈር መግቢያ ላይ፣ ለውሃ መውረጃ ተቆፍሮ ሳይከደን በቀረ ቦይ ዙሪያ አምስት ስድስት ልጆች ተሰብስበዋል። ከመድረሳ እየተመለሱ ነው። አንደኛው በግራ እጁ ቃዒዳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል፤ በቀኙ ድንጋይ። ቦዩ ውስጥ ከጭቃው የማትለይ ቡችላ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። አትጮህም፤ ለመሸሽም አትሞክርም። ፊቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

«ምን አደረገቻችሁ?» አልኳቸው።

«ነጃሳ ናት እኮ!» አለኝ ባለ ቃዒዳው።

አልዋሸም፤ የተማረውን ነው የነገረኝ። ያስደነገጠኝ ከተማረው ተነስቶ የደረሰበት ቦታ ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁና። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ የሚያድር አንድ ቡላ ውሻ ነበር። የኋላ እግሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዒላማዬ ጥሩ ነበር፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ውሻው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በሦስት እግሩ እያነከሰ በፊቴ ሲያልፍ ኖረ፤ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። አንድም ትልቅ ሰው «ተው» አላለኝም። «ነጃሳ ነው» የሚለው ቃል ለእኔም፣ ለትልልቆቹም በቂ መልስ ነበር።

ቡችላዋን በባዶ ማዳበሪያ ጠቅልዬ አወጣኋት። እናቷ እንደሆነች የገመትኳትን ውሻ ከሁለት ቀን በፊት መኪና ገጭቷት አስፋልት ዳር ወድቃ አይቻት ነበር።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ይሄ ቤት ቁርኣን የሚቀራበት ቤት ነው። መላኢካ እንዳይገባ ልታደርግ ነው?» አለች። ልክ ናት። ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ እንደማይገባ የሚናገረው ሐዲስ ሶሒሕ ነው፤ በዚህ ላይ ከእናቴ ጋር የምከራከርበት ነገር የለኝም። ከግቢያችን ጀርባ ግን ከቤቱ ጋር የማይገናኝ፣ በሩም ለብቻው የሆነ የድሮ ማገዶ ቤት አለ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ «ባለቤት እስክታገኝላት ብቻ» ብላ ፈቀደች። «የራስህ እንዳይመስልህ። አማና ነው የያዝከው» አለችኝ።

የተጣለ እንስሳ ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ በጊዜያዊነት ቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ በአዲስ አበባም አሉ። ለሥራው ብዙ ስም ተሰጥቶታል። እኔ የእማዬን ቃል ወስጃለሁ።

በማግስቱ ከዒሻእ በኋላ ኡስታዛችን ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥለው የጠየቁኝ «ለምን ፈለግካት?» የሚል ነበር፤ ሁሉም ነገር በዚህ ጥያቄ ላይ እንደሚንጠለጠል በኋላ ነው የገባኝ። ያስረዱኝን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ እናንተም የየራሳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ከዚህ ተነስተው የሻፊዒይና የሐንበሊይ ዑለማዎች ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው ብለዋል። በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳው ምራቁ ነው፤ ጸጉሩ አይደለም። ማሊኪዮች ደግሞ በሕይወት ያለ እንስሳ ሁሉ ጧሂር ነው፣ የዕቃው መታጠብ የዒባዳ ትእዛዝ ነው ይላሉ። እኛ የምንቀራው የሻፊዒይን ነውና ጠንከር ያለውን እንያዝ። በእሱም ቢሆን ደረቅ ነገር ደረቅ ነገርን ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም። እርጥቡ ከነካኝ እታጠባለሁ፣ አለቀ። ለዚህ ስል አንድ አሮጌ ጃኬትና አንድ የላስቲክ ቦት ጫማ ለማገዶ ቤቱ ብቻ ለይቻለሁ፤ የእሷም ሳህን የእሷ ብቻ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ የፊቅህ ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ስለ ውሃ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ልብስና ስለ አፈር ነው። እጅጌዬን ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቀው ይመልስልኛል። ጎድኗን በድንጋይ ልምታ ብዬ ብጠይቀው ግን የሚለኝ ነገር የለውም። ሽንትም እኮ ነጃሳ ነው። ሕፃን ልጅ ጭናችን ላይ ሲሸና ልብሳችንን እናጥባለን፤ ልጁን የወገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ስለ እንስሳት አያያዝ የሚናገረው ምዕራፍ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ልጆቻችን እምብዛም አይቀሩትም። በረሃ ለበረሃ ሲሄድ ጥማት የያዘው ሰውዬ ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው። ጉድጓድ አግኝቶ ወርዶ ጠጣ፤ ሲወጣ ከጥማት የተነሳ ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። እንደገና ወረደ፤ የቆዳ ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በአፉ ነክሶ፣ በሁለት እጁ እየቧጠጠ ወጣና አጠጣው። አላህም ምሕረት አደረገለት። ሶሓባዎቹ ተገርመው «በእንስሳትም አጅር አለን?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ አጅር እንዳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለ በኒ ኢስራኢሏ ዝሙተኛ ሴት የተነገረውም ተመሳሳይ ነው፤ ጫማዋን በሻሿ አስራ ውሃ ቀዳችለት። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት መጨረሻ ምን እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን። የሚገርመኝ እነዚህን ሐዲሶች ኹጥባ ላይ ስንሰማ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ ከመስጂድ በር ስንወጣ ግን እዚያው ደጅ የተኛውን ውሻ በእግራችን እንገፋለን።

ውሻ ማስቀመጥ ግን ልቅ አይደለም። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደን ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የያዘ ሰው በየቀኑ ከሥራው ቂራጥ ይቀነስበታል። ለዚህ ነው ኡስታዝ «ለምን ፈለግካት?» ያሉኝ። ኢማሙ ነወዊ ሁለት ነገር መርምረዋል። የመጀመሪያው ለቤትና ለመንገድ ጥበቃ መያዝ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው፤ ሁለት አቋም ጠቅሰው በሦስቱ ላይ በማመሳሰል መፈቀዱን ያመዘኑታል። ሁለተኛው ገና ለሥራ ያልደረሰ ቡችላ ለእነዚህ ዓላማዎች ማሳደግ ይቻላል ወይ የሚለው ነው፤ እዚህም ያመዘኑት መፈቀዱን ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ደማስቆ ላይ የተቀመጡ ዓሊም ስለ ቡችላ አስበው ጽፈው ሳገኝ፣ ወላሂ እኔ የማገዶ ቤት ደጃፍ ላይ ብቻዬን የተቀመጥኩ አልመሰለኝም።

ሌላው የሻፊዒይ ሊቅ ዒዘዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም ደግሞ እንስሳ በሰው ላይ ያለውን ሐቅ ሲዘረዝሩ አንዱን ከፍ አድርገው አስቀምጠዋል፤ አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡን አትከልክለው ይላሉ። ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ! እኛ ከተማ ውስጥ ውሻ አርጅቶ መጮህ ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በመኪና ራቅ ያለ ቦታ ወስዶ መጣል ነው።

የአል-ካህፍን ነገርም ልጨምር። በየጁሙዓው እንቀራታለን። ዋሻው ውስጥ የተኙት ወጣቶች፣ እንደ እናንተው ወጣቶች፣ ውሻ ነበራቸው። የት ነበር? ደጃፉ ላይ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ። ቁጥራቸው ሲነሳም ውሻቸው አብሮ ይቆጠራል። ውስጥ አላስገቡትም፤ አላባረሩትምም። ሙስሊሞች በብዙ ከተሞች ለረጅም ዘመን የኖሩት እንደዚያ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ የሰፈር ውሾች ቤት አይገቡም ነበር፤ ነገር ግን ሰዉ ፍርፋሪና ውሃ ደጁ ላይ ያስቀምጥላቸው ነበር፤ አውሮፓውያን ተጓዦችም ይህን እያዩ በመገረም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1910 ከተማዋን «ዘመናዊ» እናድርግ ያለው መንግሥት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ሰብስቦ ማርማራ ባሕር ውስጥ ወዳለች ደረቅ ደሴት ጫናቸው። በረሃብና በጥማት አለቁ። ደሴቷን ሕዝቡ «የማትረባዋ ደሴት» ይላታል። ቱርክ ውስጥ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ የመንገድ ውሾች ተሰብስበው መጠለያ እንዲገቡ ሲያዝ ሰልፍ የወጣበት ሕዝብ ብዙ ነበር።

ወደ ቡችላዋ ልመለስ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እኔ እያለሁ ምንም አልበላችም። ሳህኑን አስቀምጬ ስወጣ ብቻ ትበላለች። ጅራቷ በጭኖቿ መሃል ተቀብሯል፤ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል። አንዳንዴ ስታዛጋ እንቅልፍ የያዛት ይመስለኝ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ውሻ እንቅልፍ ሳይኖረው የሚያዛጋው፣ ከንፈሩንም ደጋግሞ የሚልሰው ሲጨንቀው እንደሆነ ነገረኝ። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ዓለምን ይማራል። በዚያ ጊዜ ደግ ሰው ካየ ሰው ደግ ነው ብሎ ያድጋል፤ ሰው ሳያይ ወይም ድንጋይ ብቻ አይቶ ካለፈ ፍርሃቱ ከውስጡ ለመውጣት ይከብዳል። የእኛዋ በዚያ ዕድሜ ያገኘችው ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

እንደዚህ ዓይነቷን ጎትቶ ማውጣት አይሆንም። ከላይ እጅ ሰዶ ራሷን መዳሰስም አይሆንም፤ ለእሷ ከላይ የሚመጣ እጅ ድንጋይ ነው። ዓይን ዓይኗን ማየትም ያስፈራታል። ስለዚህ ጎኔን ሰጥቻት መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ስልኬን አወጣለሁ ወይም ሒፍዜን እከልሳለሁ። አል-ሙልክን ስንት ጊዜ ሰምታ እንደሆን አላህ ይወቅ። በአሥራ አንደኛው ቀን እኔ እያለሁ በላች። ወር ሊሞላ ሲል አፍንጫዋን ወደ ቦት ጫማዬ ጫፍ አስጠጋችና ሮጣ ተመለሰች። ድምፅዋን የሰማሁት በሁለተኛው ወር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸችና ራሷ ደነገጠች።

ባለቤት ፍለጋው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ሆነ። በነጻ ነው የምሰጣት፤ የውሻን ዋጋ መብላት የሚከለክለውን ሐዲስ ብዙኃኑ ዑለማዎች ይዘውታል። በነጻም ቢሆን ፈላጊ አጣሁ። መጀመሪያ የመጣው ሰው ጋራዥ አለው። አያትና «ይቺማ ሌባ ብታይ እሷ ናት የምትደበቀው» ብሎ ሳቀ። እሱ የሚፈልገው የሚናከስ ነው። እንዴት እንደሚያናክሰውም ነገረኝ፤ ቀን ቀን ጠባብ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ዘግቶበት፣ ማታ ይለቀዋል። በየግቢያችን የተለመደ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ውስጥ የዋለ ውሻ ማታ ቢያብድ ምን ይገርማል? ሁለተኛዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ ሴት መሆኗን ሲሰሙ ግን «ውይ፣ ትወልድብኛለች» ብለው ተመለሱ። በየቦዩና በየቆሻሻ ገንዳው የምናገኛቸው ቡችሎች አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሐኪም ዘንድ ማስመከን እንደሚቻል ብነግራቸውም አላመኑኝም፤ በማስመከን ላይም ዑለማዎች ልዩነት አላቸውና ብዙ አልገፋሁበትም።

ሦስተኛው ከእኛው ወጣቶች አንዱ ነው፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ለቲክቶክ ቪዲዮ ነው የፈለጋት። «ሙስሊም ሆኜ ውሻ አሳዳጊ ብል ቪው ያመጣል» አለኝ፣ ሳያፍር። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሰላት የሚሰግድበት ምንጣፍና የሚተኛበት ፍራሽ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቂራጡን አነሳሁለት፣ የመላኢካውን ሐዲስ አነሳሁለት። «አንተም አክራሪ ሆንክ?» አለኝ። ድንጋይ የያዘው ልጅና ይህ ወንድሜ ተቃራኒ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ቡችላዋን አላዩአትም። አንዱ ያየው ነጃሳዋን ነው፣ ሌላው ቪውን። በሁለት ወር ሲሰለቸው እዚያው ቦይ ውስጥ እንደማገኛት እርግጠኛ ስለነበርኩ አልሰጠሁትም።

«ሰው እየተራበ ለውሻ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ይምጣ። አገራችን ውስጥ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ባሉበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። የምትበላው ከቤት የተረፈ እንጀራና ከሥጋ ቤት የሚጣል አጥንት ነው፤ ከማንም ድሀ አፍ የተነጠቀ የለም። ያወጣሁት ገንዘብ የክትባቷን ነው። ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁኝ ጓደኞቼ መካከል ግን ለተፈናቃይ ያዋጣውን አላስታውስም፤ አላህ የሚያውቀውን እሱ ያውቃል።

ፍርሃቱንም አልንቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ከእሱ ይተርፋል ማለት ዘበት ነው፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ከውሻ የሚመጣ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ቁስል ላይ ከላሳችሁ ወዲያውኑ ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በባህል መድኃኒት ቀን አትግደሉ። በሽታውን የሚያስቆመው ግን ድንጋይም መርዝ የተቀባ ሥጋም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይሰበራል። መርዝ የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል፤ ባዶውን ሰፈር ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይሞላዋል። የእኛዋ ሦስት ወር ሲሆናት ተከትባለች፤ ካርዷ እኔ ዘንድ አለ። ስሟ የተጻፈበት ቦታ ላይ ሐኪሙ «ቡቺ» ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ስም አላወጣሁላትም። ስም ማውጣት የባለቤቷ ነው።

ባለ ቃዒዳውን ልጅ እንዳልረሳው። ከዐስር በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ያዝኩት። እንዲገባ ፈቀድኩለትና እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየሁት፤ ጎንህን ስጣት፣ እጅህን አታንሳ፣ ዝም በል። ለልጅ ዝም ማለት ከባድ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቃዒዳውን ከፍቶ በሹክሹክታ «አሊፍ ፈትሓ አ» ማለት ጀመረ። እሷም ከጥጓ ሆና ጆሮዋን አቆመች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። እናቱ ልብሱን እንዳይነካው አስጠንቅቃዋለች፤ እሱም ጠንቃቃ ነው፤ ከእኔ የባሰ።

እማዬ አሁንም ማገዶ ቤቱ ጋ አትደርስም። ግን አጥንት ስትጥል አይቻት አላውቅም፤ ሁሉንም በፌስታል ቋጥራ በሩ ላይ ታንጠለጥልልኛለች።

እሑድ አንድ ሰው ሊያያት ይመጣል። ሱሉልታ መስመር ላይ በጎች ያረባል፤ ሰፊ ግቢ አለው፤ አንድ ያረጀ ውሻም አለው። ያረጀውን አለመጣሉ ነው ልቤን ያሳረፈው። ዓይናፋር እንደሆነች፣ ሰው ስትሰማ ከማገዶው ጀርባ እንደምትገባ፣ ምናልባት ጭራሽ ላያት እንደማይችል አስቀድሜ በስልክ ነግሬዋለሁ።

«ሥራ የለኝም ያን ቀን» አለኝ። «እስክትወጣ እቀመጣለሁ።»